የፕሮፌሰሯ የመጨረሻ ጥናት

ፕሮፌሰር ሎይስ ሃርላን ጆሃንስበርግ የመጣችው ስሟን ልታድን ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። በእናቴ እድሜ ያለች ሴት ነበረች፤ አገር ቤት ቢሆን አንቱ እላት ነበር። የተግባባነው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ የለውም። በመጀመሪያው ቀን «ሎይስ በይኝ» አለችኝ። አፌ እምቢ ስላለኝ እስከ መጨረሻው «ፕሮፌሰር» ስላት ኖርኩ።

ስሜ ራውዳ ነው። የስልጤ ልጅ ነኝ፤ ወራቤ ተወልጄ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ያስመጣኝ ታላቅ ወንድሜ አዩብ ነው። አዩብ ጻካኔ ሎኬሽን፣ ከከተማው ራቅ ባለ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ ነበረችው፤ ዳቦ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሲጋራ በነጠላ የሚሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ። ሱቅ ጥሎ ማደር ስለማይቻል እዚያው ከሸቀጡ ጋር ይተኛል። ሚስቱ ሪሀና ትንሿን ልጃቸውን ይዛ ከእኔ ጋር ዮቪል የሚባል የከተማው ሰፈር ትኖር ነበር። አዩብ እሁድ ከሰዓት ይመጣል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ልጁን ደረቱ ላይ አስተኝቶ እሱም እንቅልፍ ይወስደዋል። ቤታችን ይኸው ነበር።

እኔ ጄፒ በሚባለው የኢትዮጵያውያን የንግድ ሰፈር፣ በአጎታችን በከቢር መደብር ውስጥ እሠራ ነበር። አጎቴ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ ያከፋፍላል። ሕንጻው ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበረ ነው፤ ዛሬ ከምድር ቤቱ እስከ ላይኛው ፎቅ የእኛ ሰዎች ሱቅ ሆኗል። ፕሮፌሰሯ አንድ ቀን ጠዋት ከአንዲት የዚህ አገር መምህርት ጋር መደብራችን ገባች። የምትፈልገው ጸጥ ያለ ክፍልና አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ነበር። አጎቴ ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል ነበረው፤ የጥርስ ሐኪም ክፍል ነበር አሉ፣ ግድግዳው ላይ የመታጠቢያ ሳህኑ እንኳ አልተነቀለም። ክፍሉን ሰጣት። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተና «ይህቺም ልጅ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው» አላት። መደብር ቆሞ ከመዋል ይሻላል ብዬ ተስማማሁ።

ጥናቷ ሱቃቸው ውስጥ ተዘርፈው ወይም ተተኩሶባቸው ስለተረፉ ነጋዴዎች ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጄፒ ውስጥ ፈልጎ ማጣት አይቻልም። የእሷ ዘዴ መደጋገም ነው። ሰውየው ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የደረሰበትን ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገራል። ሲጨርስ ፍርሃቱ ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ያንኑ ይናገራል። ነገሩ በተደጋገመ ቁጥር ጉልበቱን ያጣል፤ ቁጥሩም ይወርዳል። የእድሜ ልክ ሥራዋ ይህ ነበር።

ለእኔ የሰጠችኝ አንድ ደንብ ብቻ ነው። «እንዲህ ይላል» እያልኩ እንዳልተረጉም አስጠነቀቀችኝ። ሰውየው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» ማለት አለብኝ። ጥሩ አስተርጓሚ ማለት መስታወት ነው አለችኝ። ከባድ አልመሰለኝም።

ሱቃቸውን ጥለው መምጣት የማይችሉ ነበሩ፤ ወደ እነሱ የምንሄደው በተከራየቻት ትንሽ ነጭ መኪና ነው። ብራክፓን፣ ጻካኔ፣ ከዚያም ወዲያ ያሉ ቦታዎች። መንገዱ ረጅም ስለሆነ እየነዳች ታወራኛለች። ሕይወቷን የሰማሁት እዚያ መኪና ውስጥ፣ ቁርጥራጩን ነው።

የተወለደችው አሜሪካ መሐል አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አባቷ የባቡር ፉርጎ ጠጋኝ ነበር። ከቤታቸው ኮሌጅ የገባ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ተማሪ ሳለች ከከተማዋ ዳር ያለ የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ፤ በሮቹ ተቆልፈው ስለነበር ብዙ ሴቶች አለቁ። ከመምህሯ ጋር ሆና የተረፉትን ልታነጋግር ሄደች። መምህሯ መሐል ላይ ታመመና ሥራው እሷ እጅ ላይ ወደቀ። ሃያዎቹን ገና ያልጨረሰች ልጅ፣ በየሴቶቹ ማድ ቤት እየተቀመጠች ስለ እሳቱ ስትሰማ ከረመች። ደጋግመው የነገሯት ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በፋብሪካው በር ሲያልፉ መንቀጥቀጥ ተዉ። አንዳንዶቹ ተመልሰው ሥራ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያ መጣ። ገና አርባ ሳይሞላት ፕሮፌሰር ሆነች። መጽሐፏ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ፖሊሶችና ወታደሮች በዘዴዋ ሊሠለጥኑ ጠሯት። በር ላይ ስሟ የተጻፈበት ላቦራቶሪ ተሰጣት፤ ስትናገር አዳራሽ ይሞላል። ባሏ የሙዚቃ መምህር ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። «ተማሪዎቼ ልጆቼ ናቸው እል ነበር» አለችኝ አንዴ፣ መኪና እየቀደመች።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ፣ ራሱም መምህር ሆኖ፣ ጥናቷን እንደ አዲስ ሠራው። ከእሷ እጅግ በበለጠ ሰው ላይ፣ ከእሷ በተሻለ ጥንቃቄ። የደገሙትና ያልደገሙት ከዓመት በኋላ ልዩነት አልነበራቸውም። ሌሎችም ሞከሩት፤ ያው ሆነ። ማንም አልሰደባትም። ግን መጥራቱን ተዉ። በአንድ ስብሰባ ላይ ልትናገር ስትቆም የሞሉት የፊት ወንበሮቹ ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር ባሏ ሞተ። በቀበረችው ሳምንት ቀድሞ የተያዘ ትምህርት ነበራት፤ ሄዳ ሰጠች። «ጥያቄዎቹንም አንድ በአንድ መለስኩ» አለችኝ። የመንገድ ምልክት እንደምታነብ ነበር ድምፅዋ። እኔ ጥንካሬ መሰለኝ። በእኛም ቢሆን ሐዘኑን ውጦ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ይመሰገናል።

ጆሃንስበርግ የመረጠችውም ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ እነ ተማሪዋ ያጠኗቸው ሰዎች ፍርሃታቸው ያለፈ ነው፤ እዚህ ግን ሰው የተተኮሰበት ሱቅ ውስጥ ተመልሶ ይሸጣል። መደጋገም የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው እንዲህ ላለ ሰው ነው ብላ አሰበች። የዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ እንግዳ አድርጎ ተቀበላት። የመጨረሻ ጥናቷ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ከሰዎቹ ሁሉ ብዙ የመጣው አቢሶ ነው። ከሆሳዕና የመጣ፣ ትሮይቪል ያለ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ቀስ ያለ። ሱቁ ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረው የአክስቱ ልጅ ዱካሞ ዓይኑ እያየ ተገድሏል። ዓይኑን ይጨፍንና ይጀምራል፤ እኔም ከሥር ከሥሩ በእንግሊዝኛ እከተለዋለሁ።

ከባንኮኒው ጀርባ ነኝ። ዝናብ እየዘነበ ነው። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ» አለኝ። ዳቦውን ላነሳ ዞርኩ። ተኩስ ሰማሁ። ዱካሞ የስኳሩ ጆንያ ላይ ወደቀ። ስሜን ጠራኝ። ከባንኮኒው ሥር ተደብቄያለሁ። አልወጣሁም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «አልወጣሁም» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ያቆም ነበር። እኔም ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር። ሪሀና ምን ሆንሽ ስትለኝ የሰው ነገር ነው እላታለሁ። ቁጥሩ ዘጠኝ ነበር። ከዚያ ስምንት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ክረምቱ ሲገባ አቢሶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ሳይቆም ይናገረው ጀመር። እኔም እንደዚያው። ሌሎቹም እየወረዱ ነበር። ፕሮፌሰሯ ፊቷ በራ። በመኪና ስንሄድ ለራሷ ታንጎራጉራለች።

አንድ ቀን አቢሶ ቁጥሩን ሁለት ካለ በኋላ ሳይነሳ ተቀመጠ። መዝሙር ማቆሙን ነገረን። «ድምፄ አለ» አለ። «ስቆም ይወጣል። የሚዘምረው ግን ሌላ ሰው ነው።» ሆሳዕና ካለችው ልጁ ጋርም በስልክ ሲያወራ ጎረቤት እንደሚያናግር ሆኖበታል። ይህን ሁሉ አንድም ሳላጎድል ተረጎምኩ። ፕሮፌሰሯ ራሷን ነቀነቀች፤ ድካም ሊሆን ይችላል አለች፤ ሁለት መድረሱ ግን በጣም ጥሩ ነው አለችው። ከምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ውስጥ መዝሙር የሚባል አልነበረም። ውሸት አልነበረባትም፤ አልሰማችውም ብቻ።

እኔም አልሰማሁትም። በዚያ ሰሞን የሪሀና ልጅ ከደረጃ ወድቃ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደሙን ጠረጴዛ እንደሚጠረግ ጠረግኩና ወደ ሳህን ማጠቤ ተመለስኩ። ሪሀና ልጇን አቅፋ ቆማ አየችኝ። አፌ የምግብ ጨው እንኳ አይለይም ነበር። በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደምሞት፣ ስንት ጊዜ ከባንኮኒ ሥር እንደምደበቅ፣ ስንት ወንድም እንደምቀብር አላሰብኩትም። «እኔ» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ እንደማንኛዋም ቃል ሆና ነበር።

አዩብ የተገደለው ማክሰኞ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ሰው ዳቦና ወተት በሚገዛበት ሰዓት። እኛ ጄፒ ከአቢሶ ጋር ነበርን። ስልኬ መንቀጥቀጡን አላቆም ሲል ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የደወለው ምሕረቱ ነበር፤ ጻካኔ ውስጥ ከአዩብ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ሱቅ ያለው የዱራሜ ሰው።

«እህቴ ራውዳ፣ አዩብን መቱት» አለኝ።

የት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሱቁ ውስጥ ነው አለኝ። ሆስፒታል ወስደውት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከጀርባው ሰዎች በዙሉ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ምሕረቱ ማልቀስ ሲጀምር መልሱ ገባኝ። እሺ አልኩት። ለአጎቴ እነግራለሁ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አቢሶ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀኛል። «ቀጥል» አልኩት። ዝናቡን ተናገረ፤ ዝናቡን ተረጎምኩ። ዳቦውንም ተረጎምኩ።

ፕሮፌሰሯ የሆነ ነገር አይታብኛለች። እጇን አንስታ አስቆመችንና ማን እንደደወለ ጠየቀችኝ።

«ወንድሜን ገድለውት ነው» አልኳት። «እንቀጥል?»

አቢሶ ይህን ያህል እንግሊዝኛ ያውቃል። ዓይኑን ገልጦ ተነሳና ወንበሩን ገፍቶ ግድግዳው ጋ ቆመ። ፕሮፌሰሯ አልተነሳችም። ከዚያ፣ ልማድ ይሁን ድንጋጤ እስካሁን አላውቅም፣ በዚያ ሰውን ሁሉ በምትጠይቅበት ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ራውዳ፣ አሁን ቁጥርሽ ስንት ነው?»

«ዜሮ» አልኳት።

እውነቴን ነበር። እድሜዋን ሙሉ ሰውን ልታደርስበት የምትደክምበት ቁጥር ነው። ስሰጣት ፊቷ አመድ መሰለ። ተነስታ የጥርስ ሐኪሙ መታጠቢያ ጋ ሄደች፣ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። አቢሶ ነው ደግፎ ወደ አጎቴ ያወረደኝ። ለአጎቴም የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር። አጎቴ ከቢር መጋረጃ ተደግፎ ቁጭ አለ፤ «ኢና ሊላሂ» አለ።

ሰላት ተሰግዶበት ሬሳው ወደ አገር ቤት ተላከ። ማን እንደገደለው አልታወቀም። ለቅሶው ዮቪል እኛ ቤት ሆነ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ ሴቶች ገቡ፣ ሪሀና መሐል ላይ ተደገፈች። ስታለቅስ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይታየኛል። እኔ ውሃ አመላልሳለሁ፣ ጫማ አስተካክላለሁ። አጎቴ ከቢር ወደ ደረጃው ጠርቶኝ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ እንዲህ አይሆንም» አለኝ። እሺ አልኩት። ለማልቀስ ፊቴን እንዴት እንደማደርገው ግን ጠፋኝ።

በነገታው ፕሮፌሰሯ መጣች። ማንም አልጠራትም። ሻሽ አስራለች፤ በትክክል አልታሰረም፣ ነጭ ጸጉሯ በጆሮዋ በኩል ወጥቷል። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጧት፤ ጉልበቷን እንደምንም አጥፋ አጠገቤ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ትልቅ ሴት በስልጥኛ ስለ አዩብ ማውራት ጀመሩ። ልጅ ሳለ በግ ሊሸጥ ገበያ ሄዶ፣ በጓ ስለ ጮኸችበት አዝኖ ይዟት እንደተመለሰ። ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። እኔም በልማዴ ወደ ፕሮፌሰሯ ጆሮ ተጠግቼ አፌን ከፈትኩ።

እጇን እጄ ላይ አደረገች።

«አትተርጉሚልኝ» አለችኝ። «መቀመጥ ብቻ ነው የመጣሁት።»

አልተረጎምኩም። እስኪመሽ ድረስ ሳትነሳ፣ አንድ ቃል ሳይገባት ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ላይ እንባዋ ወረደ። ማንን እንዳለቀሰች እኔ አልጠየቅኳትም፤ አዩብን አታውቀውም። ሴቶቹም አልጠየቋትም። ለቅሶ ቤት የሚያለቅስ ሰው አይጠየቅም። አንዷ መሀረብ ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ግማሹን እሷ፣ ግማሹን አቢሶ ነግረውኝ ነው። ጥናቱን አቆመችው። ሁሉንም ሰዎች ግን አንድ በአንድ ሄዳ አየቻቸው፤ እንግሊዝኛ የሚችሉትን ለብቻቸው፣ የማይችሉትን አቢሶ እየረዳት። እንዲደግሙላት አልፈለገችም። የጠየቀቻቸው ፍርሃቱ ሲሄድ ሌላስ ምን አብሮ ሄደ ብላ ነው። አንዱ ሚስቱ አገር ቤት ወልዳ ደስ እንዳላለው ነገራት። አንዱ የጁምዓ ስግደት ላይ ቆሞ ልቡ ሌላ ቦታ እንኳ እንደማይሄድ፣ የትም እንደሌለ ነገራት። ሁሉም አይደሉም፤ ጥቂቶቹ ደህና ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም አመሰገናት። ብዙዎቹ ግን የሚያወሩት አንድ ነገር ነበር።

ወደ አሜሪካም ደወለች። ከዶሮ ፋብሪካው ሴቶች አንዷ በሕይወት አለች። ሴትየዋ ድምፅዋን ስትሰማ ደስ አላት። ደህና ነኝ አለቻት፤ የእሳቱን ነገር ደጋግሜ ከነገርኩሽ ወዲህ ምንም አስፈርቶኝ አያውቅም አለቻት። ባሌ ሲሞት አላለቀስኩም፣ ልጄ ስታገባም አላለቀስኩም፤ አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ አለቻት። ፕሮፌሰሯ ይህን ስትነግረኝ ዮቪል መናፈሻው ጋ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ሞተሩን አላጠፋችም።

«ተማሪዬ ምንም አላገኘም ብሎ ነበር» አለችኝ። «እሱም ተሳስቷል። የሆነ ነገር አድርጌያለሁ።»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ምንም አይደል» አልኳት። ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የሚባለው ይኸው ስለሆነ ነው ያልኩት። ቂም አልነበረኝም። ይቅርታም አልነበረኝም። እሷም የገባት ይመስለኛል፤ ደግማ አልጠየቀችኝም።

በዚያ ወር መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጥናቷን ውጤት ልትናገር ቀድሞ ተቀጥራ ነበር። እንድመጣ አልጠየቀችኝም፤ ስላልጠየቀችኝም ነው የሄድኩት። አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ሰዉ ትንሽ ነው። ኋላ ተቀመጥኩ። ወረቀት አልያዘችም። ሥራዋን ሁሉ ከፋብሪካው እሳት ጀምራ ተናገረች፤ መጽሐፉን፣ ላቦራቶሪውን፣ ወታደሮቹን። ከዚያ እንዲህ አለች።

«ፍርሃት ሲቀንስ ስለካ ኖርኩ። አብሮት ምን እንደሚቀንስ አንድም ቀን አልለካሁም። ጤና ብዬ ስጽፍ የኖርኩት ነገር ጤና አይደለም።»

የእኔን ስም አልጠራችም፤ ታሪኬንም አልተናገረችም። ስለ ባሏ ቀብር ሳምንት ግን ተናገረች፤ የሰው ነገር ደጋግማ ስትሰማ ኖራ፣ ዘዴው መጀመሪያ የሠራው ራሷ ላይ እንደነበር። አንድ ወጣት ስለ አሃዙ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፣ በትሕትና መለሰችለት። ሰብሳቢዋ አመሰገነቻት። ሻይና ብስኩት ወደ ቀረበበት ወጡ። እድሜዋን ሙሉ የሠራችውን ቤት በአንድ ከሰዓት አፈረሰችው፤ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

ያንኑ ጽፋ አሳተመችው። የቀድሞ ተማሪዋ መልካም መልእክት ላከላት። ለአዲስ ጥናት የሚረዳው ከሆነ ብላ ያላትን መረጃ ሁሉ ሰጠችው፤ እሱ አሁን በዚያ ላይ ነው የሚሠራው አሉ። መጽሐፏ እንዳይሸጥ አሳታሚዎቹን ለመነች። አልተስማሙም፤ ይሸጣል። ከዩኒቨርሲቲዋ ጡረታ ወጣች። በሯ ላይ የነበረውን ስም ማን እንዳነሳው አላወቀችም፤ ዕቃዋን ልትወስድ ስትሄድ አልነበረም።

ከጆሃንስበርግ ስትሄድ እኔና አቢሶ ሸኘናት። አቢሶ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የሠሩትን ቆሎ በከረጢት ሰጣት። አሁን የተወለደችበት ከተማ ከእህቷ ጋር ትኖራለች። እድሜያቸው የገፋ ሰዎች ወዳሉበት ቤት በሳምንት ሁለቴ እየሄደች ትቀመጣለች። ምን ታደርጊላቸዋለሽ ብዬ ጽፌላት ነበር። ካርታ እንጫወታለን አለችኝ፤ እሸነፋለሁ አለችኝ።

አቢሶ ሱቁን ለሌላ ሰው አስረክቦ የታክሲ መለዋወጫ የሚሸጥ ቤት ተቀጠረ። ከዘማሪዎቹ ጋር አይቆምም፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ኋላ ይቀመጣል።

እኔ ወደ አጎቴ መደብር ተመለስኩ። መጋረጃ እለካለሁ። የአዩብን ሱቅ ምሕረቱ ይዞት ነበር፤ ተከራይ ሲያገኝ የቀረውን ዕቃ ለማንሳት አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ጻካኔ ሄድኩ። የሚነሳ ብዙ አልነበረም። ፍራሹ፣ ሰላት መስገጃው፣ አንድ ጃኬት። ጎረቤት ያሉ የአገሩ ሴቶች መጥተው እጄን ያዙኝ፤ አዩብን «ማይ ፍሬንድ» ነበር የሚሉት፣ ስሙን አያውቁትም። ጥሩ ሰው ነበር አሉኝ። አመሰገንኳቸው።

ስመለስ ዝናብ ነበር። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሴት የረጠበ ጃንጥላዋን እግሮቿ መሐል በማድረግ ፈንታ ወደ እኔ አዘንብላው ነበር። ውሃው ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠባል። ጨርቁን አልፎ ቆዳዬን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ መጮህ ጀመርኩ። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስልጥኛ፣ ያሰብኩትንም ያላሰብኩትንም። ጃንጥላውን ይዤ ወደ መስኮቱ ገፋሁት። ልጅቷ ፈርታ ወደ በሩ ተጠጋች፤ ሾፌሩ በመስታወቱ ያየኛል። የአዩብ ጃኬት ያለበት ከረጢት ከጭኔ ወደቀ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ቱላ፣ ምንታናሚ» አሉኝ። ዝም በይ ልጄ ማለት ነው፤ እናቶች ለሚያለቅስ ልጅ የሚሉት። እኔ ግን አላለቀስኩም ነበር። ተናድጄ ነበር።

መውረጃዬ ሳይደርስ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። በራችንን አንኳኳሁ። ሪሀና በሩን ከፍታ አየችኝና ምን ሆንሽ አለችኝ። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አንጠባጠበችብኝ አልኳት። ሪሀና ሳቋ መጣ፤ አፏን በሻሿ ያዘች። አዩብ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔ አልሳቅኩም። አዩብንም እስካሁን አላለቀስኩትም። የረጠበውን ቀሚሴን አውልቄ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩና፣ ራበኝ አልኳት።